«ታየኝ» ያለ ሁሉ ምስክር ነውን?

ሐዋሳን ከላይ ሆነው ከሚያዩዋት ተራሮች አንዱ ታቦር ይባላል። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ከምናስበው፣ ሦስቱ ደቀ መዛሙርት ጌታቸውን ብርሃን ለብሶ አዩበት ከሚባለው የገሊላ ተራራ ጋር ሞክሼ ነው። ከተራራው ግርጌ በተዘረጋችው ከተማ ግን ብርሃን አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚለው ቃል የበዓል ቀን ወሬ ብቻ አይደለም። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌሎቹ «ጌታ አሳየኝ» ማለት የተለመደ አነጋገር ሆኗል። ወንጌላዊው ትንቢት ተነገረልኝ ይላል፤ ኦርቶዶክሱ ገብርኤል በሕልሜ ታየኝ ብሎ ታኅሣሥ 19 ቀን ስእለቱን ይዞ ደጁ ይደርሳል፤ ሙስሊሙ የወልዮችን ከራማ ይተርካል። በእነዚህ ቃላት መነሻነት ትዳር ይያዛል፣ ትዳር ይፈርሳል፤ ቤት ተሽጦ ስደት ይጀመራል፤ ሐኪም ያዘዘው ኪኒንም ይቆማል። ስለዚህ መንፈሳዊ ብርሃን እውነትን ይገልጣል ወይስ በሰውየው ውስጥ ብቻ ተጀምሮ የሚያልቅ ስሜት ነው የሚለው ጥያቄ ለዩኒቨርሲቲ ክፍል የሚተው አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው፤ ራእይ እውነትን ሊጠቁም ይችላል፣ ስለ ራሱ እውነትነት ግን ራሱ ሊመሰክር አይችልም። አብሮት የሚመጣው «ርግጠኛ ነኝ» የሚል ስሜት የገጠመኙ አካል እንጂ የገጠመኙ ማስረጃ አይደለም።

ነገሩን ለመለየት የአሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ ሥራ ይረዳል። ጄምስ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሰጣቸውን ትምህርቶች እ.ኤ.አ. በ1902 በመጽሐፍ ሲያሳትም የብዙ አገር ባሕታውያንን፣ ንስሓ ገቢዎችንና ገጣሚዎችን ቃል ሰብስቦ ነበር። ከተመስጦ መለያዎች አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው የዕውቀትነት ባሕርዩን ነው። ሰውየው ደስ አለኝ ብቻ አይልም፤ «አወቅሁ» ይላል። ከደስታና ከሐዘን የሚለየውም ይህ ነው። ይሁንና «አወቅሁ» በሚለው ቃል ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጠቅልለዋል። አንዱ «በእኔ ላይ አንድ ነገር ደረሰ» የሚለው ነው፤ ይህን ማንም ሊክደው አይችልም፣ መካዱም ነውር ነው። ሁለተኛው «የታየኝ ነገር እንደታየኝ ነው» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ስላመንን ሁለተኛውን የማመን ዕዳ የለብንም። ጄምስም የደረሰበት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ተመስጦ ለደረሰበት ሰው ሥልጣን አለው፣ በውጭ የቆመውን ግን ያለ ጥያቄ ተቀበል ብሎ የማስገደድ መብት የለውም።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ጥንታዊም ጠንካራም ነው፦ ያልቀመሰ አይፍረድ። የዚህ ክርክር ታላቁ ጠበቃ አቡ ሐሚድ አል ገዛሊ ነው። ገዛሊ በባግዳድ ኒዛሚያ ስመ ጥር መምህር ሳለ እ.ኤ.አ. በ1095 ወንበሩን ጥሎ ወጣ፤ ከዓመታት ብሕትውና በኋላ በጻፈው ግለ ታሪክም የሱፍዮች ዕውቀት በመቅመስ እንጂ በመማር አይገኝም አለ። ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። ስለ ስካር ማንበብና መስከር አንድ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ነገር ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ገዛሊ ሌላም ነገር ይናገራል። በዚያ መንገድ ከሄዱት አንዳንዶቹ ከአምላክ ጋር ተዋሐድን፣ አምላክ አደረብን ማለታቸውን አንሥቶ ስሕተት ነው ይላል። እንግዲህ ቀማሹ በቀማሽ ላይ ፈረደ። የፈረደው ደግሞ በመቅመስ አልነበረም፤ እነዚያም ቀምሰዋልና። የፈረደው በትምህርት፣ በምክንያትና ከሃይማኖቱ መሠረት ጋር በማመሳከር ነው። ቀማሾች በማይስማሙበት ነገር ላይ «ቅመሱና እዩ» የሚለው መልስ ክርክሩን አይዘጋም።

የዓይነ ስውርን ምሳሌ የሚያነሡም አሉ፦ ዓይነ ስውር ስለ ቀለም ምን ያውቃል? ምሳሌው ግን ለእነርሱ አይመሰክርም። ዓይነ ስውር ማየት የሚባል ነገር መኖሩን ማረጋገጥ ይችላል። ሁለት ዓይናማዎችን ለየብቻ ጠይቆ መልሳቸው አንድ መሆኑን ይረዳል፤ ዐሥር እርምጃ ፊት ለፊት ግድግዳ አለ ሲሉት ሄዶ በእጁ ይዳስሳል። ዓይናማ የሚታመነው ውስጡ ስለሞቀው ሳይሆን የተናገረው ነገር ለማያየውም እጅ ስለሚደርስ ነው። ባለ ራእይም የሚጠየቀው ይኸው ነው።

ባለ ራእዮችን ለየብቻ ብንጠይቃቸውስ? ሲድሃርታ ጋውታማ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ በፊት ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት ባለው ብርሃን ውስጥ ፈጣሪ አምላክም ዘላለማዊ ነፍስም የሉም። የዋልድባ መናኝ በሌሊት ጸሎቱ የሚያገኘው ሥላሴን ነው። በወሎ መድረሳ ዚክር ያሞቀው ደረሳ አንድ አላህን ያገኛል። እዚሁ አገራችን ደግሞ ዛር አለ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ ወራት ቆይቶ የዛር ቤቶችን ሥርዓት ሲመዘግብ ያገኛቸው ሰዎች፣ የሚጋልባቸው መንፈስ ስም፣ ወገንና ጠባይ እንዳለው ያለ አንዳች ጥርጣሬ ያውቁ ነበር። የእነርሱ ርግጠኝነት ከመናኙ ርግጠኝነት በምን ያንሳል? በስሜቱ ኃይል ከሆነ በምንም አያንስም። ታዲያ ቄሱም ፓስተሩም ሼሁም ስለ ዛር ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ልብ ይባልልኝ፦ ሴትዮዋ የደረሰባት ነገር እውነት ነው፣ ነገር ግን የታያት እንደታያት አይደለም፣ ተታልላለች። ይህ መልስ እኔ ከላይ ያስቀመጥሁት ልዩነት ነው። ሁሉም ይቀበሉታል፤ የሚቀበሉት ግን የሌላው ሰው ራእይ ሲሆን ነው። የክርክሬ ምሰሶ እዚህ ላይ ነው። ርግጠኝነት ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ የማያምን ሃይማኖት የለም፤ የጎደለው ያንኑ መለኪያ ወደ ገዛ ቤት መመለስ ነው።

አንዳንዶች በዚህ ልዩነት ሥር አንድ የጋራ እምብርት አለ ይላሉ፤ ሁሉም «እኔነት ጠፋ፣ ሁሉ አንድ ሆነ፣ ቃል አጠረኝ» ይላሉና። ዋልተር ስቴስ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው ተከራክሯል። ስምምነቱ እንዳለ ልቀበል። ስምምነት ግን ምን እንደሚያረጋግጥ መጠየቅ አለበት። የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አእምሮ አለውና፣ ጾምና ሌሊት ትጋት አንድ ዓይነት ፍሬ ቢያፈሩ ስለ አእምሯችን አሠራር ብዙ ይነግረናል። ከሰማይ በላይ ስላለው ነገር የሚነግረን ግን ያንን ያህል አይደለም።

የሚገርመው ጥንቃቄውን በይበልጥ የምናገኘው ከተጠራጣሪዎች ዘንድ ሳይሆን ከገዳማት መሆኑ ነው። በመጻሕፍተ መነኮሳት ከሚነበቡት ሦስቱ አንዱ ማር ይስሐቅ፣ መናኝ በሐሰተኛ ራእይ እንዳይወድቅ ያስጠነቅቃል። ከበረሃ አባቶች የወረስነው አንድ ታሪክ አለ። ሰይጣን በብርሃን መልአክ ተመስሎ ለአንድ መነኩሴ ተገለጠና «እኔ ገብርኤል ነኝ፣ ወደ አንተ ተልኬ መጣሁ» አለው። መነኩሴውም ምናልባት ወደ ሌላ ሰው ተልከህ እንዳይሆን አጣራ፣ እኔ መልአክ የሚላክልኝ ሰው አይደለሁም ብሎ መለሰው። መነኩሴው መላእክት መኖራቸውን አልተጠራጠረም፤ የተጠራጠረው ራሱን ነው። ዛሬ በየመድረኩ ማይክራፎን ጨብጦ «አሁን ይታየኛል» ከሚለው ሰው ጋር ብናስተያየው የትኛው መንፈሳዊ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አያደክምም።

የታቦር ብርሃን ራሱ ለዚህ ክርክር ታሪክ አለው። በ14ኛው መቶ ዓመት የአቶስ ተራራ መነኮሳት እስትንፋሳቸውን ገትተው በመጸለይ በታቦር የታየውን ብርሃን እናያለን ሲሉ፣ ባርላም የተባለው የካላብርያ ምሁር ተሳለቀባቸው። ጎርጎርዮስ ፓላማስ ተነሥቶ ተሟገተላቸው፤ ነገሩም እ.ኤ.አ. በ1341 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ቀረበ፣ ፓላማስም ረታ። አሸናፊው ግን እንዴት ረታ? «እኛ አይተናል፣ እናንተ አላያችሁም» በሚል ብቻ አይደለም። ቅዱሳት መጻሕፍትን ጠቀሰ፣ የቀደሙ አባቶችን ትምህርት አቀረበ፣ በአምላክ ባሕርይና በአምላክ ኃይል መካከል ልዩነት አለ ብሎ በምክንያት አስረዳ። የብርሃኑ ጠበቃ ራሱ ብርሃኑን በአደባባይ ክርክር እንጂ በግል ርግጠኝነት አላስረገጠም።

በአገራችን ይህን ሐሳብ እስከ ጥግ የወሰደው ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። እንደ መጽሐፉ ትረካ ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ1599 አክሱም አጠገብ ተወልዶ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በዋሻ ተሸሽጎ ሲያሰላስል የሃይማኖቶችን ክርክር መርምሯል፤ ሁሉም አምላክ ለእኔ ገለጠልኝ ስለሚሉ፣ ለሁሉ ሰው በተሰጠው ልቡና ካልተመረመሩ ማንን ማመን እንደሚገባ አይታወቅም ወደሚል ደረሰ። መጽሐፉን የጻፈው የ17ኛው መቶ ዓመት ሐበሻ ነው ወይስ የ19ኛው መቶ ዓመት ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር፣ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ካነሣው ወዲህ አልበረደም፤ ክላውድ ሰምነር የኢትዮጵያዊነቱ ታላቅ ጠበቃ ነበሩ። እኔ በዚህ አልገባም። ደግሞም ሙግቱ ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው፦ የመጽሐፉ ሐሳብ የሚመዘነው በምክንያቱ ስለሆነ ጸሐፊው ማንም ይሁን ማን ክብደቱ አይለወጥም። «አምላክ ነገረኝ» የሚል ቃል ግን እንዲህ አይደለም፤ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ በተናጋሪው ማንነት ላይ ተንጠልጥሏል።

እስከዚህ ያነበበ ተጠራጣሪ ደስ ብሎት ይሆናል። ደስታውን ላቋርጥበት። «ሁሉም የአንጎል ጨዋታ ነው» የሚለው አባባል ዛሬ በተማረው ወጣት ዘንድ እንደ ሳይንስ ይነገራል፤ ሳይንሱ ግን ያን ያህል አልሄደም። ካናዳዊው ማይክል ፐርሲንገር ጭንቅላት ላይ በሚደረግ የማግኔት ቆብ ሰዎች የማይታይ አካል አጠገባቸው እንዳለ እንዲሰማቸው አድርጌያለሁ ብሎ ዝነኛ ሆኖ ነበር። የስዊድን ኡፕሳላ ተመራማሪዎች ግን ማግኔቱ መቼ እንደበራ ተመርማሪውም መርማሪውም ሳያውቁ ሙከራውን ደግመው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ውጤት ማግኔቱ ለውጥ እንዳላመጣ አሳዩ። ስሜቱ የመጣው ለመደመም ቅርብ ከሆኑት ሰዎች ነበር። በሌላ በኩል ዋልተር ፓንኬ እ.ኤ.አ. በ1962 የስቅለት ዕለት በቦስተን ለነገረ መለኮት ተማሪዎች ከእንጉዳይ የሚገኘውን ንጥረ ነገር ሰጥቶ፣ ከወሰዱት ብዙዎቹ ጥልቅ መንፈሳዊ ገጠመኝ እንዳገኙ መዝግቧል። ታዲያ መድኃኒት ሊያመጣው ስለቻለ ሐሰት ነውን? አይደለም። ማንጎ ስናይም አንጎላችን ውስጥ የሆነ ነገር ይነቃል፤ ማንጎው ግን አለ። የአንድ ሐሳብ ምንጭ የሐሳቡን እውነትነት አይወስንም፤ ከአንጎል መምጣቱ አያፈርሰውም፣ ከሰማይ መጣ መባሉም አያጸናውም።

ለዚህ ከራማኑጃን የተሻለ ምስክር አላውቅም። ይህ የደቡብ ሕንድ ወጣት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በጥር 1913 ለካምብሪጁ የሒሳብ ሊቅ ሃርዲ በላከው ደብዳቤ ማንም አይቶት የማያውቅ የሒሳብ ቀመር ደርድሮ ነበር። ቀመሮቹን የቤተሰቡ አምላክ ናማጊሪ በሕልም እንደምታሳየው ይናገር ነበር። ሃርዲ እምነት አልነበረውም፤ ሆኖም ወረቀቱን አልጣለውም፣ በሕልም መጣ ብሎም አልተቀበለውም። ማረጋገጫ ጠየቀ። አብዛኞቹ እውነት ሆነው ተገኙ፣ አንዳንዶቹም ዛሬ ድረስ የሒሳብ ሊቃውንትን ያስደንቃሉ። ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ብዛት የላካቸው ግን ስሕተት ነበሩ። ልብ እንበል፤ እውነቱም ስሕተቱም የመጡት ከአንድ አእምሮ፣ በአንድ ዓይነት ርግጠኝነት ነው። ከውስጥ ሲታዩ መለያ አልነበራቸውም። የለያቸው በኋላ የመጣው ማረጋገጫ ነው።

ይህን ካልን ተመስጦ ከማንም ይልቅ በሙሉ መብት የሚናገርበት መስክ እንዳለ መመስከር ፍትሕ ነው፤ እሱም የሰውየው ውስጥ ነው። ለዓመታት በጸሎትና በዝምታ የቆየ ሰው ቁጣው ጌታው እንዳልሆነ፣ የሞት ፍርሃቱ ሊለቅቀው እንደሚችል፣ «እኔ» የሚለው ነገር ቀድሞ እንዳሰበው የጸና እንዳልሆነ ሲነግረን፣ የሚያወራው ስለሚያውቀው ነገር ነው። ይህ ዕውቀት ነው፤ «ስሜት ብቻ» ብሎ ማጣጣል ስለ ሰው ልጅ ያለንን ዕውቀት ግማሹን መጣል ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ያው ሰው ከዚህ ተነሥቶ ስለ ጎረቤቱ ጋብቻ፣ ስለ መጪው ምርጫ ወይም ስለ ሕመምተኛዋ ጉበት መናገር ሲጀምር ነው።

«በፍሬው ይታወቃል» የሚሉም አሉ፤ ራእዩ ሰካራሙን ከመጠጥ አላቀቀ፣ ተስፋ የቆረጠውን አቆመ። ፍሬ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያሳየው ግን ገጠመኙ ጠቃሚ መሆኑን ነው። ጠቃሚና እውነት ብዙ ጊዜ አብረው ቢሄዱም የሚለያዩበት ቦታ ሰው ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ እንጦጦ ማርያም ጸበል የነበሩ ብዙ ምእመናን ተፈወስን ብለው ወይም እምነቴን ያጎድልብኛል ብለው መድኃኒቱን ትተው ነበር። የተሰማቸው ሰላም ሐሰት አልነበረም። ስለ ቫይረሱ ግን ሰላማቸው የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ እሱን የሚያውቀው የደም ምርመራ ነው። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ሲመክሩ ጸበሉን አላቃለሉም። ለእያንዳንዱ የየራሱን መስክ ሰጡት፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ስለዚህ ጉዳይ ከተነገሩት ቃላት ከዚያ የሚበልጥ ጥበብ ያለው አላገኘሁም።

ሲዳማም ለዚህ የራሱ ምሳሌ አለው። በዩኔስኮ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2015 የሰፈረው ፍቼ ጨምበላላ የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት አያንቶዎች ናቸው። አያንቶ የተከበረ ሽማግሌ ነው፤ ሥልጣኑ ግን «በውስጤ ታየኝ» ከማለት አይመነጭም። የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ሌሊት ሌሊት ይከታተላል፤ እሱ የሚያየውን ሰማይ ሌላው አያንቶም ያየዋል፣ ቢሳሳት ይታረማል። በጉዱማሌ የሚሰበሰበው ሕዝብ ቀኑን የሚቀበለው ባህሉን ስለሚያምን ነው፤ ባህሉ ግን ራሱ ውስጥ ማረሚያ አኑሯል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከምእመን ልብ የሚወጣ ስለሆነ በአክብሮት ልመልሰው። አምላክን ፈተና ልታስቀምጡት ነውን? ይላል። እዚህ የሚፈተን አምላክ አይደለም፤ ሰማሁ የሚለው ሰው ነው። ኦሪት ዘዳግም በአምላክ ስም ተናግሮ ቃሉ ያልተፈጸመ ነቢይ በገዛ ድፍረቱ ተናገረ ይላል። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ነቢያት ሲናገሩ ሌሎቹ ይመርምሩ ብሎ አዝዟል። መርማሪ የሌለው ትንቢት የአዲስ ኪዳን ሥርዓት ሆኖ አያውቅም። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል ሥልጣኑ እስከ የት እንደሚደርስ ብዙ ሊባል ይችላል፤ ለምርመራው ግን አዋጅም ካውንስልም አያስፈልግም። ደብተር ይበቃል። በአዲስ ከተማም ሆነ በሌላው ክፍለ ከተማ ያለች አንዲት ማኅበረ ምእመናን በመድረክ የተነገረውን ትንቢት ሁሉ ከተናጋሪው ስምና ከዕለቱ ጋር ትመዝግብ፤ ሽማግሌዎቿ ዓመት ሲሞላ በጉባኤ ፊት ገልጠው ያንብቡት፣ የሆነውን ሆነ ያልሆነውን አልሆነም ይበሉ። «ትባረካለህ» የሚለውን መመዝገብ አይጠቅምም፣ መቼም አይሳሳትምና። ቪዛ፣ ጋብቻ፣ ፈውስና ሹመት ግን ቀንና ቦታ አላቸው፤ ደብተሩ በእነርሱ ይጀመር።